«ምን አለ?» ወይስ «እኔ ጋ ምን አለ?»፦ ለከብት መንጋ ክትባት እንዴት ይመረጣል

ክትባት ሊገዛ የሄደ አርቢ ፍሪጁ ፊት ቆሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ምን ምን አለ?» እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የምለው። የተሰጠኝን ይዤ እመለሳለሁ፣ እወጋለሁ፣ እረሳለሁ። አንድ ዓመት ለመንጋዬ አምስት ዓይነት ክትባት አስወግቼ ልቤን ሞልቼ ተቀመጥኩ። በዚያው ዓመት ጥጆቼ በተቅማጥ አለቁ። ከአምስቱ አንዱም የጥጃ ተቅማጥን የሚመለከት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ገልብጬዋለሁ። ፍሪጁ ጋ ከመድረሴ በፊት «እኔ ጋ ምን አለ?» እላለሁ። ይህ መመሪያም የሚሄደው በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ወተት ላይ ያላችሁም፣ የምታደልቡም፣ ጊደር የምታሳድጉም ትጠቀሙበታላችሁ። የመጨረሻው ዝርዝር የሚጸድቀው ግን ከእንስሳት ሐኪም ጋር ቁጭ ተብሎ ነው። እኔ የማቀብላችሁ ይዛችሁ የምትሄዱትን ጥያቄና የጥያቄውን ምክንያት ነው።

1. መጀመሪያ ደብተሩን ክፈቱ

ያለፉትን ሦስት ዓመታት አስቡ። የሞተ፣ የታመመ፣ ያስወረደ ከብት ሁሉ አንድ መስመር ይኑረው። ዕድሜው፣ ወሩ፣ የታየው ምልክት፣ ስንት ቀን እንደቆየ። ደብተር ከሌላችሁ ከእረኛው ጋር ተቀመጡ። እረኛ ከባለቤቱ የበለጠ ያስታውሳል። የትኛዋ ላም በየትኛው ወር እንዳስወረደች ሲጠየቅ ቀለሟን ጭምር ይነግራችኋል።

አሁን የተጻፈውን አንብቡ። እንዲህ የሚል ሦስት መስመር አለ እንበል። «ወይፈን፣ 14 ወር፣ ጠዋት አነከሰ፣ ማታ ሞተ።» «ጊደር፣ 10 ወር፣ ታፋዋ አብጦ በማግስቱ ሞተች።» «ወይፈን፣ 8 ወር፣ ሞቶ ተገኘ።» ሦስቱም ዝናብ በገባ በአንድ ወር ውስጥ። ሦስቱም ከእኩዮቻቸው የፋፉት። ይህ ደብተር አባ ጎርባ ነው የሚለው። ያበጠውን ታፋ በእጃችሁ ስትጫኑት ከቆዳው ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ባክቴሪያው ጡንቻው ውስጥ የፈጠረው ጋዝ ነው። አባ ጎርባ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉትን፣ በተለይ በደንብ የበሉትን ይመርጣል። ከሲታው ተርፎ ምርጡ የሚሞትበት በሽታ ነው፤ አርቢን የሚያናድደውም ለዚሁ ነው።

ሌላ ደብተር ደግሞ ሌላ ነገር ያወራል። ላሞች በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት በተከታታይ ካስወረዱ ሐሳባችሁ በባክቴሪያ ወደሚመጡት ወደ ብሩሴሎሲስና ወደ ሌፕቶስፓይሮሲስ፣ በቫይረስ ወደሚመጡት ወደ አይቢአርና ቢቪዲ ይሂድ። ጥጆች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት በተቅማጥ የሚሞቱ ከሆነ ጉዳዩ የእናትየውና የእንገር ነው። ከገበያ የገቡ ወይፈኖች በሳምንት ውስጥ ማሳልና ማተኮስ ከጀመሩ የመተንፈሻ በሽታዎችን አስቡ።

ግምት ግን ግምት ነው። ሦስት ዓይነት ጀርም አንድ ዓይነት ውርጃ ያመጣል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከብት ሲሞት ወይም ሲያስወርድ ሐኪም ጥሩ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ይሂድ። አንድ የተረጋገጠ ውጤት አሥር ጊዜ «ይመስለኛል» ከማለት ይበልጣል። ለማይገኝ በሽታ ዓመት ዓመት ክትባት ከመግዛትም ያድናል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጤነኛ መስሎ የዋለ ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ አትክፈቱት። ቆዳውን አትግፈፉ፣ ሥጋውን አትንኩ፣ ውሻ አይድረስበት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ራሱን በጠንካራ ሽፋን ይጠቀልልና አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ሰውንም ይገድላል። ወዲያው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ፤ አወጋገዱን እሱ ይምራ።

2. ከበረቱ ውጭ ያለውን ተመልከቱ

ደብተሩ ያለፈውን ነው የሚናገረው። ገና ያልመጣውን ለመገመት ከብቶቻችሁ የት እንደሚውሉና ከማን ጋር እንደሚገናኙ እዩ።

ከሌላ መንጋ ጋር አንድ ወንዝ ይጠጣሉ? በዓመት ስንት ከብት ከውጭ ይገባል? የጋራ ኮርማ አለ? የግጦሹ ቦታ ጎርፍ የሚተኛበት ነው? ዝንብና ትንኝ የሚበዛው መቼ ነው? ውሾች በረት ውስጥ ይተኛሉ? አባ ሰንጋ ከዚህ በፊት የታየበት መሬት ላይ ነው የምታሰማሩት?

ከውጭ ከብት የማያስገባ ዝግ መንጋና በየወሩ ከገበያ የሚገዛ አደላቢ አንድ ዓይነት ዝርዝር አይኖራቸውም። ጎረቤት ለምን አምስት ክትባት እንደሚሰጥ መጠየቅ ጥሩ ነው። ጎረቤት አምስት ስለሰጠ አምስት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የአካባቢያችሁን የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ሁለት ነገር ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት እዚህ የተረጋገጠው በሽታ የትኛው ነው? ያለ መንግሥት ፈቃድ የማይሰጠውስ ክትባት የትኛው ነው? የአፍና የእግር በሽታ፣ የብሩሴሎሲስና የሳንባ በሽታ ክትባቶች በብዙ አገሮች በሕግ የተያዙ ናቸው። የአፍና የእግር በሽታ የሌለባቸው አንዳንድ አገሮች ክትባቱን ጨርሶ ይከለክላሉ። የተከተበ ከብት በደም ምርመራ በበሽታው የተያዘ ሊመስል ስለሚችል የንግድ ነገርም ይነካል።

3. በሽታዎቹን በሦስት ክምር ለዩ

አሁን ወረቀት አውጡና ሦስት ክምር ሥሩ። ያለ ጥያቄ የሚሰጥ፣ ሁኔታው ታይቶ የሚሰጥ፣ ለጊዜው የማይሰጥ። እኔ ስለይ ሦስት ነገር ነው የምመዝነው። በሽታው እዚህ መኖሩ፣ ከመጣ የሚያደርሰው ጥፋት፣ ከመጣ በኋላ በሕክምና የመዳን ዕድሉ። አባ ጎርባና አባ ሰንጋ ባሉበት አካባቢ በመጨረሻው መስፈርት ብቻ አንደኛ ክምር ውስጥ ይገባሉ። ምልክቱን አይታችሁ ሐኪሙ ጋ እስክትደውሉ ከብቱ ይሞታል።

አባ ጎርባ፦ በአብዛኛው መንጋ አንደኛ ክምር ውስጥ ነው። ክትባቱ የሞተ ባክቴሪያ ነው። ለብቻውም፣ ከዘመድ ባክቴሪያዎች ጋር 7 ወይም 8 ሆኖ በአንድ ብልቃጥም ይገኛል። ጥጆች ከ3 ወር ገደማ ጀምሮ ይሰጣቸዋል፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል፣ ከዚያ በዓመት አንዴ።

አባ ሰንጋ፦ በሽታው በታየበት አካባቢ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ሌላ ቦታ አያስፈልግም። በብዙ አገር የሚሰጠው ስተርን የሚባለው ሕያው ክትባት ነው፤ ማክስ ስተርን በ1930ዎቹ ካገኘው ዝርያ የሚሠራ። በዓመት አንዴ፣ አደጋው ከሚበዛበት ወቅት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ይሰጣል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ክትባቱ ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ አንቲባዮቲክ ይገድለዋል። ከክትባቱ በፊት ወይም በኋላ ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ አንቲባዮቲክ የወሰደ ከብት ክትባቱን በከንቱ ነው የተወጋው። ሰኞ በፔኒሲሊን የታከመችን ላም ረቡዕ ከመንጋው ጋር አሰልፎ መውጋት የተለመደ ስህተት ነው።

የአፍና የእግር በሽታ፦ ይህ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ቫይረሱ ሰባት ዓይነት አለው። ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤዥያ 1፣ እና ሳት 1፣ ሳት 2፣ ሳት 3 የሚባሉት ሦስቱ። ሲ የሚባለው ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ አልታየም። አንዱ ለሌላው አይመክትም። ለኦ የተከተበ ከብት በሳት 2 ፊት ያልተከተበ ማለት ነው። ስለዚህ «የአፍና እግር ክትባት አለ?» አይበቃም። «ለየትኛው ዓይነት ነው? አሁን እዚህ የሚዞረውስ የትኛው ነው?» በሉ። ሻጩ መልስ ከሌለው አትግዙ። ሲጀመር ከ3 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ በየ4 እስከ 6 ወሩ ይታደሳል። ይህን ጊዜ መጠበቅ የማይችል ሰው ከመጀመሩ በፊት ቢያስብበት ይሻላል። አንዴ ተወግቶ የተተወ መንጋ ባለቤቱን ያዘናጋል እንጂ አይጠበቅም።

ላምፒ ስኪን፣ የቆዳ እባጩ በሽታ፦ ዝንብ፣ ትንኝና መዥገር ያዛምቱታል። ኒትሊንግ የተባለው ሕያው ክትባት በዓመት አንዴ ይሰጣል። የተወጋው ቦታ ቢያብጥ፣ ወተት ለጥቂት ቀን ቢቀንስ አትደንግጡ። ጊዜው ዝንብ ከመብዛቱ ከ3 ሳምንት በላይ ቀደም ብሎ ይሁን። ይህ በሽታ ግማሽ መንጋ በመከተብ አይቆምም፤ ከመቶው 80ው ቢያንስ መከተብ አለበት።

ፓስቱሬሎሲስ፣ ጉሮሮን አሳብጦ በአንድ ሁለት ቀን የሚገድለው፦ ጎርፍና እርጥበት በሚበዛበት ቦታ ዝናብ ከመግባቱ በፊት። አሉም የሚባል አጋዥ ጨው ባለበት ዝግጅት የሚገኘው መከላከል ከ4 እስከ 6 ወር ይቆያል። በዘይት የተዘጋጀው እስከ ዓመት ይሄዳል፣ ግን ወፍራም ነው፣ መርፌውን ያስቸግራል።

ተላላፊው የከብት ሳንባ በሽታ፦ ባለበት አካባቢ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዘመቻ፣ በዓመት አንዴ።

ብሩሴሎሲስ፦ እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ኤስ19 እና አርቢ51 የሚባሉት ክትባቶች ሕያው ናቸው፤ መርፌው ስቶ ሰው ጣት ውስጥ ቢገባ ሰውየው ይታመማል። የሚሰጡት ለጊደር ጥጆች ነው። እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ውስጥ ይሰጣሉ። ለኮርማ አይሰጡም። ኤስ19 በኋላ የደም ምርመራን ያምታታል። ሐኪም ብቻ ይሥራው። እናንተ ጊደሯን ያዙ፣ ከዚያ ዘወር በሉ።

አይቢአርና ቢቪዲ ውርጃንም የመተንፈሻ በሽታንም ያመጣሉ። ሕያው የሆነው ዓይነት ከዚህ በፊት ላልተከተበች እርጉዝ ላም ቢሰጥ ሊያስወርዳት ይችላል። ጊደሮቹ ለኮርማ ከመቅረባቸው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በፊት ከተወጉ ያ ጭንቀት የለም። ሌፕቶስፓይሮሲስ በሽንት የሚተላለፍ፣ አላቢንም የሚይዝ ስለሆነ ወተት ላይ ያላችሁ በቁም ነገር ጠይቁበት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚያስፈልገው ውሻ ወይም የዱር እንስሳ መንጋውን በሚደርስበት ቦታ ነው።

ሦስተኛውን ክምር አታፍሩበት። ከዝርዝር መሰረዝም ውሳኔ ነው። የደስታ በሽታን አስታውሱ። በአንድ ወቅት በብዙ አገር ከብት ሁሉ ይከተብለት ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር መጥፋቱ ታወጀ፣ ዛሬ ማንም አይወጋለትም።

4. ሕያው ነው ወይስ የሞተ?

ብልቃጡን ስታነሱ ከስሙ ቀጥሎ የምታዩት ይህን ነው። ሕያው ክትባት የተዳከመ ጀርም ነው። ገብቶ ይራባል፣ ብዙ ጊዜ በአንድ መርፌ ጥሩ መከላከል ይሰጣል። በተቃራኒው ለሙቀት፣ ለፀሐይና ለኬሚካል ስሱ ነው፤ እርጉዝ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሞተው ክትባት ለእርጉዝ ይሻላል፣ አያያዙም ቀለል ይላል፣ ግን አንድ መርፌ አይበቃውም።

ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ነው። የሞተ ክትባት የመጀመሪያው መርፌ ሰውነትን ያስተዋውቃል እንጂ አያስታጥቅም። የሚያስታጥቀው ከ3 እስከ 6 ሳምንት በኋላ የሚመጣው ማጠናከሪያ ነው። ማጠናከሪያውን የዘለለ ሰው ግማሹን ወጪ አልቆጠበም። የመጀመሪያውንም አጥቷል። ሁለተኛውን በቀኑ መስጠት እንደማትችሉ ካወቃችሁ አንደኛውን አትጀምሩ፤ ሁለቱም የሚመቻችሁን ጊዜ ፈልጉ።

5. ጥጃውን በእናቱ በኩል

ወደ ጥጆቼ ልመለስ። ጥጃ ሲወለድ የራሱ መከላከያ የለውም። ያለው በእንገር የሚያገኘው ነው። አንጀቱም ያንን መከላከያ የሚያስገባው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ በየሰዓቱ እየጠበበ ሄዶ ከ24 ሰዓት በኋላ ይዘጋል። ስለዚህ ለሳምንት ጥጃ የተቅማጥ ክትባት ብትወጉት አትደርሱበትም። በሽታው ቀድሞታል።

መፍትሔው እርጉዟን ላም መከተብ ነው። የሮታቫይረስ፣ የኮሮናቫይረስና የኢ ኮላይ ክትባት በእርግዝናዋ መጨረሻ ይሰጣታል። እንደ ምርቱ ከመውለዷ ከ12 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ ትወጋለች። እሷ የሠራችው መከላከያ እንገሯ ውስጥ ይገባል። ጥጃው ካልጠጣ ግን ክትባቱ ላሟ ላይ ቀረ። በ6 ሰዓት ውስጥ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ይጠጣ፤ ለ40 ኪሎ ጥጃ 4 ሊትር ማለት ነው። «እናቱ ስር ነው፣ ይጠባል» ብላችሁ አትተዉ። እኔ እንዲህ ብዬ ነው የተቃጠልኩት። ቁሙና እዩ፣ ካልጠባ አልባችሁ በጡጦ ስጡ።

የእናት መከላከያ ሌላ ጎንም አለው። ጥጃው ደም ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባትን ያከሽፋል። ቀድሞ የተሰጠን ክትባት የእናቱ መከላከያ ይበላዋል። የላምፒ ስኪን ክትባት ከተከተበች እናት ለተወለደ ጥጃ ከ3 እስከ 6 ወር ሲሞላው የሚሰጠው ለዚህ ነው። ቶሎ መስጠት ትጋት ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ብክነት ነው። ግድ ሆኖ ቀድማችሁ ከሰጣችሁ በኋላ ድገሙት።

6. ከአደጋው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

አሁን ዝርዝሩ እጃችሁ ላይ ነው። የቀን መቁጠሪያ አውጡ። ብዙ ሰው ከዛሬ ወደ ፊት ነው የሚቆጥረው። እናንተ ከአደጋው ወቅት ወደ ኋላ ቁጠሩ።

አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ። ዝናብ የሚገባው በአንድ ወር 1ኛው ቀን ነው እንበል። አባ ጎርባ ያኔ ይጀምራል። የማጠናከሪያው መርፌ ሙሉ ሥራውን ለመሥራት 2 ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማጠናከሪያው ከዝናቡ 2 ሳምንት በፊት። ከዚያ 4 ሳምንት ወደ ኋላ ስትመለሱ የመጀመሪያው መርፌ ነው። ክትባቱን ለማዘዝና ለመቀበል 2 ሳምንት ጨምሩ። በድምሩ 8 ሳምንት። ዝናቡ ሲያስገመግም ፍሪጅ ፊት የቆመ ሰው 8 ሳምንት ዘግይቷል። ከዝናቡ በኋላ የደረሰ ክትባት ከምንም ይሻል ይሆናል፣ ግን መንጋው የዝናቡን መጀመሪያ ያለ ጠባቂ ነው የሚያሳልፈው።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አትጓጉ። ሐኪሙ አብረው ይሰጣሉ ያላቸውን ብቻ አጣምሩ፤ ያም በተለያየ ሲሪንጅ፣ በተለያየ ቦታ። በተለይ የሚታለቡ ላሞች ላይ የሳልሞኔላ፣ የኢ ኮላይና የመሳሰሉ ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ ክትባቶችን ከሁለት በላይ በአንድ ቀን አትስጡ። ከባክቴሪያው ሽፋን የሚመጣው መርዝ ተደማምሮ ትኩሳት፣ የወተት መውረድ፣ አንዳንዴም ውርጃ ያመጣል። የጡት ማስጣያ፣ የቀንድ ማቃጠያና የማኮላሸት ቀን ላይም ክትባት አትጫኑ። የተጨነቀ ሰውነት ክትባቱን በደንብ አይቀበልም።

7. ግዢና ጉዞ

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚቀመጠው። ሙቀት እንደሚያበላሽ ሁሉም ያውቃል። በረዶ እንደሚያበላሽ ግን ጥቂቱ ነው የሚያውቀው። አንድ ጊዜ ከገዛሁት ሳጥን ውስጥ አንዱ ብልቃጥ የፍሪጁን የኋላ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ሳወጣው ጥቃቅን ነገር ተንሳፍፎበታል። ብነቀንቀውም አልተዋሃደም። ቀዝቅዞ የተመለሰ የሞተ ክትባት ነበር፤ ከውሃ የማይሻል። ሻጩን ብጠይቀው «ብርድ ምን ያደርገዋል?» አለኝ። በሕይወቴ ብዙ ፍሪጅ ከፍቻለሁ፤ ዛሬ የመጀመሪያ ሥራዬ ቴርሞሜትር አለ ወይ ብሎ ማየት ነው።

የመጠቀሚያ ጊዜውንና የባች ቁጥሩን እዩ። የመንጋችሁን ቁጥር የሚበቃ ግዙ፤ 30 ከብት ካላችሁ የ100 ዶዝ ብልቃጥ ተከፍቶ ለነገ አይቀመጥም። በበረዶ ሣጥን ያዙ፣ ብልቃጡና በረዶው ግን በቀጥታ አይነካኩ፤ በጨርቅ ወይም በካርቶን ለዩአቸው። መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ክትባት ሞቷል በሉ።

8. የመርፌው ቀን

ጠዋት ሳይሞቅ ጀምሩ። ከብቶቹ ክራሽ በሚሉት መያዣ አጥር ውስጥ ይግቡ፤ የሚሮጥን ከብት እየተከተሉ መውጋት ሁለቱንም ያቆስላል። ቀድማችሁ ታማሚውን ለዩ። የሚያተኩስ፣ የማይበላ፣ የከሳ ከብት ይቆይ፤ ሲያገግም ለብቻው ይሰጠዋል። መንጋው በትል ወይም በመዥገር ከተጎዳ ያንን ቀድማችሁ አስተካክሉ።

ደርቆ የመጣን ሕያው ክትባት ከራሱ ማሟሟቻ ውሃ ጋር ብቻ ቀላቅሉ። በኃይል አትነቅንቁት፣ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ከተቀላቀለ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው። ብዙዎቹ በአንድ ሰዓት ገደማ ማለቅ አለባቸው። ስለዚህ ሃያ ከብት ከተሰለፈ ሃያ ዶዝ ብቻ ቀላቅሉ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ሲሪንጁን ለሕያው ክትባት በአልኮል ወይም በኬሚካል አትጠቡ፤ የቀረው ጠብታ ክትባቱን ይገድላል። በውሃ ቀቅላችሁ አቀዝቅዙት።

መርፌው ምን ያህል ይግባ? አብዛኛው የከብት ክትባት ከቆዳ ሥር ነው፤ አንገት ላይ። ቆዳውን በሁለት ጣት ሳብ አድርጋችሁ ድንኳን ሥሩ፣ መርፌውን በድንኳኑ ሥር አግቡ። ከ16 እስከ 18 ቁጥር የሆነ፣ ርዝመቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ መርፌ ይበቃል። ጭን ላይ አትውጉ፤ ምርጡን ሥጋ ታበላሻላችሁ። ሁለተኛ ክትባት ካለ ከመጀመሪያው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት። ለእያንዳንዱ ከብት አዲስ መርፌ ብታገኙ ከሁሉ ይሻላል፤ በተለይ ላምፒ ስኪን ባለበት። ካልሆነ ከ10 እስከ 15 ከብት ባለው ቀይሩ፣ የተጣመመ መርፌን ወዲያው ጣሉ። የተጠቀማችሁበትን መርፌ ወደ ብልቃጡ አትመልሱ፤ ብልቃጡ ላይ የራሱ ንጹሕ መርፌ ተሰክቶ ይቆይ።

መጠኑን አትቀንሱ። «ትንሽ ነች፣ ግማሽ ይበቃታል» የሚባል ነገር በክትባት ውስጥ የለም። መድኃኒት በኪሎ ይለካል፣ ክትባት እንደዚያ አይደለም።

ከወጋችሁ በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አብራችሁ ቆዩ። አልፎ አልፎ አንድ ከብት ይንቀጠቀጣል፣ ምራቁን ያዝረከርካል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ይወድቃል። ሐኪሙ ለዚህ አድሬናሊን ይዞ ይምጣ። ከመጀመራችሁ በፊት «ይዘሃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሐኪሙ አይቀየምም።

9. ከዚያ በኋላ

በማግስቱ ትንሽ እብጠት፣ መጠነኛ ትኩሳት፣ የወተት መቀነስ ይኖራል። የተወጋው ቦታ ከሳምንት በላይ እየጨመረ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ አሳዩት። ሥጋው ለምግብ የማይውልበት ጊዜ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ እንደ ምርቱ ይለያያል። ሊታረዱ የተዘጋጁትን ከመውጋታችሁ በፊት አንብቡት።

አዲስ ከብት ሲገባ ከመንጋው ለ30 ቀን ያህል ለይታችሁ አቆዩት። የተከተበ ነው ቢሏችሁም ወረቀት ካላያችሁ እንዳልተከተበ ቁጠሩት።

ደብተሩ ላይ አሁን አዲስ ገጽ ይከፈታል። ቀን፣ የክትባቱ ስም፣ የባች ቁጥር፣ የመጠቀሚያ ጊዜ፣ የተወጉት የጆሮ ቁጥር፣ ያልተወጉትና ምክንያቱ፣ ማን እንደወጋ፣ ማጠናከሪያው መቼ እንደሆነ። ያልተወጉትን መጻፍ ብዙ ሰው ይረሳል። በኋላ በሽታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን እሱ ነው።

የተከተበ ከብት ቢታመምስ? ክትባቱን ከመርገማችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። ከተወጋ 2 ሳምንት ሞልቶት ነበር? ማጠናከሪያውን ወስዷል? ሲወጋ በሽታው ሰውነቱ ውስጥ ቀድሞ ነበር ወይ? አንቲባዮቲክ ነበረው? ፍሪጁ፣ ጉዞው፣ የተቀላቀለበት ሰዓት እንዴት ነበር? በሽታውስ የምር ያ የተከተበለት ነው ወይስ ሌላ? ይህን ሁሉ አልፎ ምክንያቱ ካልተገኘ፣ ከባች ቁጥሩ ጋር ለሐኪሙና ለአምራቹ ይነገር።

እኔ የጥጆቹን ሞት ስፈትሽ የመጨረሻው ጥያቄ ጋ ሳልደርስ ነው መልሱን ያገኘሁት። ላሞቹን አስከተብኩ፣ መውለጃ በረቱን በየጊዜው ማጽዳት ጀመርኩ፣ ለእንገሩ ሰዓት የሚይዝ ልጅ መደብኩ። ከአምስቱ የድሮ ክትባቶች ሁለቱን ሰረዝኩ፤ አንዱ እዚህ ታይቶ ለማያውቅ በሽታ ነበር፣ ሌላው ማጠናከሪያ ያልሰጠሁት።